ከፎርም የመጣን አሬይ እንዳለ ለኦብጀክት መስጠት

ጥያቄ፦ በፒኤችፒ የአባላት መመዝገቢያ እየሠራሁ ነው። ፎርሙ ወደ 30 የሚጠጉ መጠይቆች ስላሉት፣ ከእርሱ የሚመጣውን አሬይ (እያንዳንዱ እሴት «ቁልፍ» በሚባል ስም የተቀመጠበትን ዝርዝር) በአንድ ሉፕ እያዞርሁ የቁልፉን ስም እንደ ባሕርይ ስም እወስድና እሴቱን የአባሉን መረጃ ለሚይዘው ኦብጀክት እሰጣለሁ። ኮዱ በጣም አጠረልኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ ግን አደገኛ ነው አለኝ። አደጋው ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ነው። በፎርሙ ላይ የሚታዩት መጠይቆች 30 ይሁኑ እንጂ ወደ ሰርቨሩ የሚላከው በእነርሱ አይወሰንም፤ ማንም ሰው በፎርሙ ላይ የሌለ ቁልፍ፣ ለምሳሌ «አስተዳዳሪ» የሚል ስም ከ1 ቁጥር ጋር ጨምሮ መላክ ይችላል። ሉፕዎ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ስለሚያምን፣ ኦብጀክቱ በዚያ ስም ባሕርይ ካለው ላኪው ራሱን በራሱ ሾመ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2012 የኮድ ማከማቻ ድረ ገጹን ጊትሃብን የገጠመው ይኸው ነበር፤ አንድ ተጠቃሚ በዚህ ክፍተት ገብቶ የራሱን የመግቢያ ቁልፍ በሬይልስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) ፕሮጀክት ስም አስመዘገበ፣ በፕሮጀክቱ ማከማቻ ውስጥም ለመጻፍ ቻለ።

ሉፕዎን መጣል አያስፈልግዎትም። የሚዞረው ግን እርስዎ ራስዎ በጻፉት የተፈቀዱ ስሞች ዝርዝር ላይ ይሁን፤ ፒኤችፒ ሁለት አሬዮችን በቁልፎቻቸው አመሳክሮ የጋራ የሆኑትን ብቻ የሚያስቀር ፈንክሽንም አለው። የተከለከሉትን መዘርዘር ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ ነገ በዳታቤዙ ላይ አዲስ ዓምድ የሚጨምር ሰው ዝርዝሩን ማደስ ከረሳ በሩ ተመልሶ ይከፈታልና። በላራቬል (በፒኤችፒ ማዕቀፍ) የሚሠሩ ከሆነ የተፈቀዱት ስሞች የሚጻፉት በሞዴሉ፣ ማለትም የዳታቤዙን ሠንጠረዥ በሚወክለው ክላስ ላይ ነው፤ እዚያ ያልተጻፈ ስም ግን በተለመደው አሠራር ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ይጣላል፣ «ለምን አልተቀመጠም?» እያሉ ግማሽ ቀን የሚያባክኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

በክላሱ ላይ ያልታወጀ ባሕርይ በዚህ መንገድ መፍጠርም ከፒኤችፒ 8.2 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ያስከትላል፤ የተሳሳተ የቁልፍ ስም ለመያዝ ስለሚረዳ ማስጠንቀቂያውን አያጥፉት።

ከደኅንነት ጋር ባይያያዝም አንድ ነገር ልጨምር። ምልክት ያልተደረገበት ቼክቦክስ ጨርሶ ወደ ሰርቨሩ አይላክም፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ምልክቱን አንሥቶ ቢያስቀምጥ ሉፕዎ ቁልፉን አያገኘውም፣ አሮጌው እሴትም እንደነበረ ይቆያል። የተፈቀዱትን ስሞች ሲዘረዝሩ ለእነዚህ 0ን መነሻ እሴት አድርገው ይስጧቸው።