ሳይፈታ የተጻፈ ፕሮፎርማ

ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ላሜራ ቤት የከፈተ ወንድም እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ እጃቸው ፈጣን ነው። ግን አንድ የተጋጨ ቪትዝ ግቢዬ ውስጥ ሦስት ሳምንት ይቆማል። ኢንሹራንሱ ፕሮፎርማውን (የጥገናውን የዋጋ ዝርዝር) ካጸደቀ በኋላ ስፈታው ሌላ ጉዳት ይወጣል። ባለቤቱ በየቀኑ ይደውላል። ሰው ልጨምር?»

ወንድሜ፣ ሰው አትጨምር። የሚዘገየው መዶሻው ሳይሆን ወረቀቱ ነው።

እኔም እንዳንተው ነበርኩ። በቀኝ ግንባሩ የተመታ ኮሮላ መጣልኝ፤ ዞር ዞር ብዬ አየሁና ፓራውርት (የፊት መከላከያው)፣ መብራት፣ ፓራፋንጎ (ከፊት ጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ብዬ ጻፍኩ። ሲፈታ የራዲያተር መያዣው ተጣሟል፣ የኤሲው ኮንደንሰርም ተቀዷል። እንደገና ፕሮፎርማ፣ እንደገና የኢንሹራንሱን ገማች ጥበቃ። 12 ቀን ጥርሱ እንደወለቀ ቦታ ይዞ ቆመ። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሳልፈታ ዋጋ አልጽፍም። አስቀድሜ ባለቤቱንና ኢንሹራንሱን አስፈቅዳለሁ። አንድ ብሎን ሳይነካ ታርጋውን፣ አራቱን ማዕዘንና ጉዳቱን በቅርብ ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ ፓራውርቱን፣ መብራቱን፣ ፓራፋንጎውን አወርዳለሁ። የየአንዱ ብሎን በየፌስታሉ፣ ስሙ ላዩ ላይ ተጽፎ። የተሰበረውም አይጣል፣ ገማቹ ማየት አለበት። ኤርባግ ካለው ደግሞ ቢጫ ሶኬቱን ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፤ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል።

አሁን መለካት ነው። የፓራፋንጎውን የኋላ ብሎን ቀዳዳ በቀኝ፣ የፊተኛውን በግራ ይዘህ በመስቀለኛ ለካ፤ ከዚያ ገልብጠህ ለካ። ሜትር ሞተሩ ላይ ይጎብጣልና ቀጥ ያለ ዘንግ ላይ ሁለት ሹል ብረት እያንሸራተትክ ብትለካ ይሻላል። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ አካሉ ተስቦ መቃናት እንዳለበት ቁጠረው። ሁለቱ መስቀለኞች እኩል ስለሆኑ ብቻ ግን አትተኛ፤ ሁለቱም ጎን እኩል ወደ ኋላ ከገፋ መስቀለኛው አይነግርህም። የየጎኑንም ርዝመት ከደህና ቪትዝ ጋር አስተያይ። የሚጠረጠር ካለ ያኔውኑ ፕሮፎርማው ላይ ይግባ።

መለዋወጫውን በአንድ ጊዜ እዘዝ፣ ክሊፑ ሳይቀር። ጎንደር የሌለው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ በአንድ ክሊፕ ምክንያት መኪና ሲያድር ያማል። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስተህ ላክ። ቪትዝ በፈረንጆቹ 1999፣ 2005 እና 2010 ሞዴሉ ተቀይሯል፤ «የቪትዝ መብራት» ብለህ ካዘዝክ የማይገጥም ይመጣልሃል። ዕቃው እንደደረሰ ከአሮጌው ጎን አስቀምጠህ አመሳስል፣ ለቀለም ቀን አታቆየው።

እስከዚያው መኪናው ራዲያተሩ ካላፈሰሰ፣ መብራቱ ከበራ፣ ኮፈኑም በደንብ ከተቆለፈ መልሰህ ግጠምና ለባለቤቱ ስጠው። ልጆቹ «ፈትቶ መግጠም ድርብ ሥራ» ብለው ያጉረመርሙብሃል። ያጉረምርሙ፤ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፣ ስልኩም ጸጥ ይላል።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ እየጣለ ናይትሮ ቀለም አትርጭ፣ ርጥበቱ ያነጣዋል። የክረምት ቀጠሮህን በዚያ ልክ አርዝመው።

ስለዚያ ስለላክህልኝ የቪትዝ ፎቶ፦ በቀኙ በርና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠቧል፣ ከታች ሰፍቷል። ፕሮፎርማህ ላይ ፓራፋንጎ ብቻ ነው የጻፍከው። ውስጡ ወደ ኋላ ሳይገፋ አልቀረም፤ ዛሬውኑ ፓራፋንጎውን አውርደህ ለካና ገማቹን ጥራው።