ደመወዝ ወሩን አላደርስ ሲል፦ እኛ ቤት የሠራልን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ባልና ሚስት እንሠራለን፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ ወሩ ሳይጋመስ እጃችን ባዶ ነው። ምን ላይ እንደወጣ አላውቅም። ባሌ ደግሞ ስለ ወጪ ሳነሳ ይከፋዋል» ብለሻል። እኛም ቤት ለዓመታት እንዲሁ ነበር። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው፣ ሦስት ልጆች አሉን። የሠራልንን ልንገርሽ።

መጀመሪያ አንድ ወር ሙሉ ምንም ሳትቀይሪ ጻፊ። ታክሲውን፣ የልጆቹን ብስኩት፣ የስልክ ካርዱን፣ ሁሉንም። እኔ ስጽፍ ያስደነገጠኝ ኪራዩ ወይም ሥጋው አልነበረም። ከሰፈር ሱቅ በዱቤ የምናነሳው ነው። ዘይት በግማሽ ሊትር፣ ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ቡና በብርጭቆ፣ የልብስ ሳሙና በትንሿ ላስቲክ። በትንሽ በትንሹ ሲገዛ ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ዱቤ ስለሆነ ማን ዋጋ ይጠይቃል? ልጅ እንልካለን፣ ባለሱቁ ይመዘግባል። ደመወዝ ሲገባ ግማሹ ቀጥታ ወደ ደብተሩ ይሄዳል። ከዚያ እጃችን ባዶ ስለሚሆን እንደገና ዱቤ።

በአንዴ መቁረጥ አልቻልንም። ሦስት ወር ፈጀብን። በየወሩ የቆየውን እየከፈልን አዲሱን በግማሽ ቀነስን። ዘይቱን በአምስት ሊትር፣ ቡናውን በኪሎ መግዛት የቻልነው ከዚያ በኋላ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም አሁን ከእሁድ ገበያ ነው የማመጣው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በጀት ሲባል ሁላችንም ወሩን ነው የምናስበው። የእኛን ቤት ሲያናጋ የኖረው ግን ዓመቱ ነው። እንደ እኛ በሀበሻ አቆጣጠር ለሚከፈለው ሰው የጳጉሜ ደመወዝ የለም። የነሐሴው ደመወዝ 35 ቀን መድረስ አለበት። በእነዚያው ቀናት እንቁጣጣሽ አለ፣ የልጆች ምዝገባ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ መስቀልም ይከተላል። ቀኑ ይታወቃል፣ ግን በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ ነገር እየተበደርን ነበር የምንወጣው። ከዚያ ገና፣ ከዚያ ፋሲካ።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለን የዓመቱን ትልልቅ ወጪዎች ደመርን። ትምህርት ቤት፣ አራቱ በዓላት፣ ጤፍ፣ በርበሬ። ለ12 አካፈልነው። ለአንድ ወር የሚደርሰውን ድርሻ፣ ደመወዝ በገባ ቀን፣ ወደ ሌላ አካውንት እናዞራለን። የዚያ አካውንት የኤቲኤም ካርድ ሆን ብዬ አላወጣሁም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሙሉውን አልቻልንም፣ ግማሹን ብቻ ነበር። ግማሹም ቢሆን መስከረምን ያለ ብድር አሳለፈን።

ዕቁብ ልግባ ወይ ብለሻል። ግቢ፣ ግን መጠኑን ተጠንቀቂ። እኔ አንድ ጊዜ ከአቅሜ በላይ ገብቼ ዕጣው ሳይደርሰኝ ለመክፈል ስበደር ኖርኩ። በጣም ነው የጎዳኝ። አሁን ያለሁበት አነስ ያለ ነው። ዕጣዬ ቀድሞ ሲወጣ ዳኛውን አስፈቅጄ ከሌላ አባል ጋር እቀያየርና ጥር ላይ እወስደዋለሁ።

ለምን ጥር? ለጤፍ ነው። አዲሱ ምርት ከታኅሣሥ ጀምሮ ወደ ገበያ ሲገባ ዋጋው ረገብ ይላል፣ ክረምት ላይ ይወጣል። እኛ ለአምስት ሰው አንድ ኩንታል ከሁለት ወር ትንሽ ያልፋል። ሁለት ኩንታል አንድ ላይ ስንገዛ ቤታችን ስለማይበቃ አንዱን እህቴ ጋ አስቀምጣለሁ። ማኛውን ትተን ሠርገኛ ገባን። ልጆቹ ሁለት ሳምንት አጉረመረሙ፣ ከዚያ ለመዱት። ቅቤም በሁዳዴ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ገዝቼ አነጥራለሁ። ለፋሲካ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ እንገባለን።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ወጪ ስትቀንሺ እድርሽን እንዳትነኪ። አባቴ ሲያርፍ ድንኳኑንም ወንበሩንም ያቆመልን እድር ነው።

ስለ ባልሽ። የእኔም ባል «ምን ላይ አዋልከው?» የሚል ጥያቄ አይወድም ነበር፣ እኔም ብሆን አልወደውም። ስለዚህ ያለፈውን መጠየቅ ተውኩ። ደመወዝ የገባ ዕለት ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቡና አፈላለሁ። ደብተሩን እከፍትና መጀመሪያ የራሴን ወጪ አነባለሁ። የእሱን አልጠይቅም። በሦስተኛው ወር ራሱ እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። ለእያንዳንዳችን ማንም የማይጠይቀን ትንሽ የኪስ ገንዘብ እንዲኖር ያለውም እሱ ነው፣ እስከ ዛሬም በዚያው ቀጥለናል።