አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምሠራው በአንድ ትንሽ ከተማ የውሃና ፍሳሽ ጥገና ክፍል ነው። ውሃ የምናዳርሰው በፈረቃ ነው። ባለፈው ዓመት ከበፊቱ የሚበልጥ ፓምፕ ገባልን። ላይኛው ሰፈር አሁንም ውሃ በደንብ አይደርሰውም፤ ታች ደግሞ ቧንቧ በየሳምንቱ ይፈነዳል። ዝናብ በጣለ ቁጥር የታችኛው ሰፈር ማንሆሎች (የፍሳሽ መስመሩ መፈተሻ ጉድጓዶች) ይገነፍሉና ፍሳሹ መንገድ ላይ ይወጣል። በበጋ ግን ደህና ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ዋናው መንገድ አስፋልት ሊነጠፍበት ነው። ኃላፊዎቻችን ከዚያ በፊት የፍሳሹ ቧንቧ ከ200 ወደ 400 ሚሊሜትር ይቀየር ብለዋል። ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ የለም። ከየቱ እንጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹን መልስ አንተው ጽፈኸዋል። «በበጋ ግን ደህና ናቸው» ብለሃል። ሰው በበጋም በዝናብም ይታጠባል፣ መጸዳጃ ቤት ይገባል። ቧንቧው ለፍሳሹ ጠባብ ቢሆን ኖሮ በበጋም ይገነፍል ነበር። ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚሞላ ከሆነ የዝናብ ውሃ እየገባበት ነው። ስለዚህ ባለ 400ውን ቧንቧ ለጊዜው አቆዩት።

እስቲ አብረን እናስላው። ባለ 200 ሚሊሜትር ቧንቧ በ100 ሜትር 40 ሴንቲሜትር ቁልቁለት ከተቀበረ፣ ሞልቶ ሲፈስ በሰከንድ ወደ 20 ሊትር ይሸከማል። አንድ ቤት በቀን 500 ሊትር ፍሳሽ ያወጣል እንበል። ሁሉም ሰው በሚታጠብበት ሰዓት ፍሰቱ ከአማካዩ 4 እጥፍ ቢሆን እንኳ ያ ቧንቧ 800 ቤት ያስተናግዳል። አሁን ደግሞ ጣሪያውን ተመልከት። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በሰዓት 20 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ በሰዓት 2 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በሰከንድ ከግማሽ ሊትር በላይ ማለት ነው። አሸንዳቸውን ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ያገናኙ ወደ 37 የሚሆኑ ቤቶች ብቻቸውን ቧንቧውን ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞሉታል። 800 ቤት በ37 ጣሪያ! እኔ ይህን ስሌት መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ተሳስቼ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

ባለ 400ውን ብትቀብሩ ምን ይሆናል? ጎርፉ ሰፊ መንገድ ያገኝና ወደ ማጣሪያ ጣቢያው ይወርዳል። ጣቢያው ለዚያ ውሃ አልተሠራም። ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። በበጋ ደግሞ ያው ትንሽ ፍሳሽ በሰፊው ቧንቧ ወለል ላይ ስስ ሆኖ ይሄዳል። ፍሳሽ ደለሉን ይዞ እንዲሄድ ቢያንስ በሰከንድ 0.6 ሜትር መፍጠን አለበት። ከዚያ ከቀነሰ ይተኛል፣ ይጋገራል፣ ይዘጋል። ገንዘቡም ወጥቶ ችግሩም ቦታ ቀይሮ ይጠብቃችኋል።

ጎርፉ የሚገባበትን ቦታ ለማግኘት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ዝናብ ሲጥል ቦቲና ባትሪ ይዘህ ከሚገነፍለው ማንሆል ወደ ላይ ተጓዝ። በየማንሆሉ ክዳኑን አንስተህ ከላይ ሆነህ ተመልከት። ከሚገቡት መስመሮች አንዱ ቀጠን ያለ፣ ንጹሕ የሚመስል ውሃ ያመጣል። እሱን ተከተል። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ተመልሰህ ሂድ። ፍሰቱ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከወረደ ከአሸንዳ፣ ከግቢ ወለልና ከማንሆል ክዳን የሚገባ ነው። ለቀናት ከቆየ ግን የከርሰ ምድር ውሃ በተሰነጠቀ መገጣጠሚያ እየሰረገ ነው። ሁለቱ መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ ይህን ሳትለይ ቁፋሮ አትጀምር።

በበጋ ደግሞ የጭስ ሙከራ አድርጉ። ለዚሁ የተዘጋጀ ጭስ በማንሆል በነፋሻ ይገፋል። ከዚያ ሰፈሩን ዞሮ ማየት ነው። ከአሸንዳ ቱቦ ጭስ የወጣበት ቤት ሁሉ በዝርዝር ይያዛል። ነዋሪውንና እሳት አደጋን ቀደም ብላችሁ አሳውቁ፤ አለዚያ ቤት ተቃጠለ ተብሎ ሰው ይደነግጣል።

አሁን ብዙ ከተማ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። አሸንዳውን ከፍሳሽ መስመሩ ቁረጡ ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይሠራም። ሰውዬው አሸንዳውን እዚያ ያገናኘው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ጎርፉ የሚሄድበት አጥቶ ግቢው ስለሞላበት ነው። ዲቹ፣ ማለትም የመንገድ ዳሩ የጎርፍ ቦይ፣ በአፈርና በፕላስቲክ ተደፍኗል፣ ወይም ከነጭራሹ የለም። መንገድ ላይ ውሃ ሲተኛ የማንሆል ክዳን ከፍቶ የሚያፈስም አለ። ስለዚህ ፍሳሻችሁን የሚያድነው ዲቹ ነው። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ጥረጉት፤ ከላይ ከጀመራችሁ ቆሻሻው ታች ሄዶ ይከመራል። ዲቹ ወንዝ የሚገባበትን አፍ በድንጋይ አጠናክሩት፤ አለዚያ ውሃው መሬቱን እየበላ ወደ ኋላ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቤት የአሸንዳውን ውሃ የሚወስድ መስመር እስከ ዲቹ አድርሱለትና «ቁረጥ» በሉት። ያኔ እሺ ይላል።

ወደ ንጹሕ ውሃው እንሂድ። ትልቁ ፓምፕ ያስገባው ውሃ የት ሄደ? መሬት ውስጥ። ግፊት ሲጨምር እያንዳንዱ ቀዳዳ የበለጠ ያፈሳል። 6 ሚሊሜትር የሆነች ቀዳዳ በ5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት በቀን ወደ 45 ሜትር ኩብ ታባክናለች። ከዚያ በላይ መብራት ሄዶ ፓምፑ ድንገት ሲቆም በመስመሩ ውስጥ የሚሮጠው ውሃ ይላተማል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ በብረት ቧንቧ ውስጥ በድንገት ቢቆም ግፊቱ ወደ 10 ባር ገደማ ሊዘል ይችላል። የየሳምንቱ ፍንዳታ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘውን ቼክ ቫልቭና ከፍታ ላይ ያሉትን፣ አየር የሚያስወጡና የሚያስገቡ ኤር ቫልቮች ፈትሽ። ሠራተኞችህም ቫልቭ ሲዘጉ ቀስ ይበሉ።

ብክነቱን በሌሊት ለካ። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ተኝቷል፤ የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው ሊክ፣ ማለትም ከቧንቧ የሚያፈስ ብክነት ነው። አንድ ሰፈር ምረጥ፣ ዙሪያውን በቫልቭ ዝጋ፣ በአንድ መስመር ብቻ አስገባለት። እናንተ በፈረቃ ስለምትሰጡ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በመጀመሪያው ሌሊት የየቤቱ ታንከር እየሞላ ስለሚያድር ቁጥሩ ያሳስትሃል። ሰፈሩን ሁለት ቀን ሳታቋርጥ ስጠውና በሁለተኛው ሌሊት ለካ። ዋና ቆጣሪ ከሌለህ የማጠራቀሚያውን መግቢያ ዘግተህ የውሃውን ከፍታ ለካ። 10 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ማጠራቀሚያ በ2 ሰዓት 20 ሴንቲሜትር ከወረደ ወደ 16 ሜትር ኩብ ውሃ ወጥቷል። ከዚያ የውስጥ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ዝጋ። ፍሰቱ ዝቅ ያለበት መስመር ላይ ሊኩ አለ። ቀሪው የጆሮ ሥራ ነው። የብረት ዘንግ ቫልቩ ላይ አሳርፈህ አዳምጥ፤ በጸጥታ ሌሊት ሊክ ይሰማል።

ለታችኛው ሰፈር ግፊት መቀነሻ ቫልቭ ግጠም። የብረትና የፕላስቲክ ቧንቧ በተደባለቀበት ከተማ ግፊቱን በ20 በመቶ ብትቀንስ ብክነቱም በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል። ታች ሲፈስ የነበረው ውሃ ላይኛው ሰፈር መድረስ ይጀምራል። ይህ ሥራ ከአዲስ ጉድጓድም ከአዲስ ፓምፕም በፊት ይቅደም።

የቧንቧ ለውጥ ስትጀምሩ ቅድሚያ የምሰጠው ለአረጀው አይደለም። የውሃ መስመር በዲች ውስጥ ወይም በፍሳሽ አጠገብ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች አስቀድሙ። ፈረቃው አልፎ ቧንቧው ባዶ ሲሆን በቀዳዳው በኩል የውጭውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ፈረቃው ሲመለስ ያ ሁሉ ወደ ሰው ቤት ይሄዳል። ሕፃናት በተቅማጥ የሚታመሙበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ነዋሪው ቧንቧ ላይ ክሎሪን ለካ። በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም በታች ከወረደ በዚያ መስመር ላይ የሆነ ነገር አለ።

አስፋልቱ ስር ምን ይቀበር? ጥልቁ ቀድሞ ይቀበራል፦ ፍሳሽ፣ ከዚያ ጎርፍ፣ በመጨረሻ ውሃ። የውሃው መስመር ከፍሳሹ ወደ ጎን 3 ሜትር ይራቅ። የሚሻገሩበት ቦታ ላይ ውሃው ከላይ ይሁን፤ በመካከላቸው ቢያንስ 45 ሴንቲሜትር ይኑር። ከሁሉ የምለምንህ ግን መንገዱን የሚያቋርጡትን ነው። አዲስ አስፋልት በየጊዜው ሲቆረጥ ያየሁት በዋናው መስመር ምክንያት ሳይሆን አንድ ቤት ውሃ ወይም ፍሳሽ ላስገባ ሲል ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታም ቢሆን ለእያንዳንዱ ይዞታ የውሃና የፍሳሽ መስመር እስከ አጥሩ ድረስ አሁኑኑ አሳልፉ፣ ጫፉን ድፈኑት፣ ቦታውን ከቋሚ ነገር ለክታችሁ መዝግቡ። ቦዩ ሳይሞላ ፎቶ ይነሳ። አፈሩ በ20 ሴንቲሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላ፤ በአንዴ ከተደፋ በመጀመሪያው ክረምት አስፋልቱ ይሰምጣል። የውሃ መስመሩ መገጣጠሚያው ሳይሸፈን ከሥራ ግፊቱ በ1.5 እጥፍ ይፈተሽ። ከዚያ በሊትር 25 ሚሊግራም ክሎሪን ተሞልቶ 24 ሰዓት ይደር፣ ይታጠብ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ይሂድ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ማንሆል ውስጥ ማንም ሰው ዘሎ እንዳይገባ። እኔ ባልደረባዬን ራሱን ስቶ በገመድ ጎትቼ አውጥቻለሁ። ተረፈ፤ ግን ዛሬም ያ ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት አየሩ ጸዳ ማለት አይደለም። የላይኛውና የታችኛው ማንሆል ተከፍቶ ይናፈስ፣ በጋዝ መለኪያ ይለካ፣ የሚገባው ሰው ቀበቶና ገመድ ይታጠቅ፣ ከላይ የማይንቀሳቀስ ጠባቂ ይኑር። የወደቀውን ላውጣ ብሎ ተከትሎ የሚገባው ብዙ ጊዜ አብሮ ይሞታል። ከ1.5 ሜትር በላይ የጠለቀ ቦይም ግድግዳው ሳይደገፍ ሰው አይግባበት።

ለኃላፊዎችህ ሁለት ነገር ይዘህ ግባ፦ የሌሊቱን ልኬትና ጭስ የወጣባቸውን ቤቶች ዝርዝር። ልኬቱን ስትሠራ በዚያው ሌሊት ከፍ ካለው ቤትና ዝቅ ካለው ቤት የግፊቱን ንባብ ያዝና ሦስቱንም ላክልኝ። ግፊት መቀነሻው የት ይቀመጥ፣ በስንት ይከፈት የሚለውን ያኔ አብረን እናየዋለን።