የወረዳ በጀትና የማወቅ መብት፦ ከሰሜን ሸዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የምትኖሩ ወገኖች ስለ ወረዳ በጀት ግልጽነት ላነሣችኋቸው ጥያቄዎች ሕጉ የሚለውን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ጥያቄ፦ የወረዳችንን በጀት ለማወቅ ስንጠይቅ “ምን ሊያደርግላችሁ ነው?” እንባላለን። መብት አለን?

መልስ፦ አላችሁ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የማግኘት መብትን ደንግጓል። ዝርዝሩ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሚገኝ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የፕሬሱን ክፍል ቢተካም የመረጃ ነጻነቱ ክፍል እንደጸና ነው። በ590/2000 መሠረት ጠያቂ መረጃውን ለምን እንደፈለገ እንዲያስረዳ አይገደድም፤ ስለዚህ የተባላችሁት ነገር ሕግን የጣሰ ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው የዞን መምሪያ እንሂድ?

መልስ፦ ዞኑ የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ስለሆነ በጀት የሚያጸድቅ የራሱ ምክር ቤት የለውም። የክልሉ ምክር ቤት ለወረዳዎች የሚከፋፈለውን ድጎማ ያጸድቃል፤ ወረዳው ድጎማውን ከውስጥ ገቢው ጋር ደምሮ በየሴክተሩ ይደለድላል፤ ድልድሉን የሚያጸድቀውም የወረዳው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የአንኮበር ነዋሪ የአንኮበርን ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤትና ምክር ቤት፣ የምንጃር ሸንኮራም ነዋሪ የራሱን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ የፌዴራሉን የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 ጠቅሰን ማመልከት እንችላለን?

መልስ፦ እሱ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን የሚገዛ ነው። ክልሉ በጀቱን የሚያስተዳድረው በራሱ ሕግ ነው፤ የክልሉ አዋጆች የሚታተሙትም በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ነው። ማመልከቻችሁን በ590/2000 ላይ ብትመሠርቱ ይበልጥ የጸና ይሆናል።

ጥያቄ፦ በጀቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ነገር ግን ምንም አልገባንም።

መልስ፦ ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ወረቀት “ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርና” ብሎ ከየአንዳንዱ ፊት ለፊት አንድ ጠቅላላ ድምር ያስቀምጣል። ከዚያ ድምር ውስጥ አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል ሊሆን ስለሚችል፣ የጤና በጀት አደገ መባሉ ብቻውን ለቀበሌያችሁ ጤና ኬላ መድኃኒት መገዛቱን አያሳይም። ስለዚህ ደመወዙ፣ ሥራ ማስኬጃውና ካፒታሉ (ለግንባታና ለቋሚ ዕቃ የሚውለው) ተለያይቶ እንዲቀርብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጸደቀውን ብቻ ሳይሆን በተግባር ወጪ የሆነውን ጠይቁ፤ በጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ በዓመቱ መካከል የተደረገ የበጀት ዝውውርና ተጨማሪ በጀት የሐምሌውን ወረቀት ሊለውጠው ይችላል። ሐምሌ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጥር ላይ ያልታደሰ ከሆነ፣ ግልጽነቱ በግማሽ ቀርቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለመንገድ ያዋጣነውስ ገንዘብ?

መልስ፦ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ወጪውንም እንደ በጀቱ ሁሉ በጽሑፍ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቢከለክሉንስ?

መልስ፦ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቀን ያለበት ቅጂም በእጃችሁ ይቅር። መጻፍ ለማይችል ሰው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጥያቄውን በጽሑፍ ሊያሰፍርለት ይገባል። መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ካልተሰጠ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ለሚመረምረው ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል፤ ተቋሙ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው።