መርፌው ቤት ውስጥ ነበር

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ደወለልኝ፣ ባሕር ዳር ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ነው። "ጋሼ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክት በራሱ የሚወጋ የአድሬናሊን መርፌ በርካሽ ልንሰራ አስበናል፣ ለከባድ አለርጂ። የሚጠቀምበት በሽተኛው ራሱ ነው አይደል? ለሱ እንዲመች አድርገን እንስራው?" አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ፣ "ጋሼ አሉ?" እስኪለኝ ድረስ። ያን ቀን ያልመለስኩለትን ለሱም ለጓደኞቹም፣ እንደነሱ ለምታስቡ ልጆችም ልጻፈው።

በ1980ዎቹ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ጤና ጣቢያ ነበርኩ፣ ወጣት ነርስ። ጥቅምት ላይ አንድ ገበሬ ንብ ነድፎት አመጡት፣ ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይታይም፣ ሰውነቱ በሽፍታ ተሸፍኗል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። መድኃኒቱ የሚመጣው አምፑል በሚባል አንገት ባለው ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ነው፣ አንዱ አምፑል 1 ሚሊ ሊትር ነው፣ ውስጡ 1 ሚሊ ግራም አድሬናሊን አለ፣ ግማሹን ስቤ ጭኑ ላይ ወጋሁት። ብዙም ሳይቆይ ዓይኑን ገለጠ። እኛ አገር መቼም ንብ የሌለው ቤት የለም፣ አባቴም ቀፎ ነበረው፣ ማር የሚቆርጠው ሲመሽ ነው፣ እኛ ልጆቹ ጭሱን ይዘን ከኋላ እንቆም ነበር፣ የዚያ ጭስ ሽታ እስካሁን ይመጣብኛል። ሰውየውን ሁለተኛ ቀፎ አትጠጋ ብለው "ማሬን ማን ይቆርጥልኛል?" አለኝ። እኔም አንድ አምፑልና ሲሪንጅ ሰጠሁት፣ የአምፑሉን አንገት በትንሿ ሞረድ ሞርዶ እንዲሰብር፣ ግማሹን እንዲስብ፣ ጭኑ ላይ እንዲወጋ በውሃ ሦስቴ አለማመድኩት። ጎበዝ ነበር፣ ቶሎ ገባው፣ ደስ ብሎኝ ሸኘሁት።

ሚስቱ ውጭ ዛፉ ሥር ልጅ አዝላ ተቀምጣ ነበር። ነይ ግቢ አላልኳትም።

በዓመቱ ኅዳር ላይ ሲመሽ ማር ሲቆርጥ አንገቱን ነደፈችው። "መርፌውን" አለ አሉ፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ አልወጣውም፣ እጁም አልታዘዘለትም። መርፌው ሙዳይ ውስጥ በጥጥ ተጠቅልሎ ነበር። ሚስቱ በኩራዝ ብርሃን አውጥታው ሞረዷ ምን እንደሆነች አታውቅ፣ አምፑሉን በጣቷ ስትጫነው መሀሉ ላይ ተሰባበረ። ባሏን ጎረቤት በቅሎ ላይ ቁጭ አድርጎ አመጣው፣ ያም ጥፋት ነው፣ የደም ግፊቱ ዝቅ ያለ ሰው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ማለት አለበት፣ ግን ማን ነግሯቸው? እኔ ጋ ሲደርስ ሞቷል። እሷ እጇን ዘረጋችልኝ፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ተቆርጣለች፣ መዳፏ ላይ ደምና ማር ተለውሷል። "ፈሰሰብኝ" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

እና ልጄ፣ የሚጠቀምበት በሽተኛው ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ራሱን ይወጋል፣ አንዳንዱን ግን የሚወጋው አጠገቡ ያለው ነው፣ እሱም እየተንቀጠቀጠ።

ፈረንጆቹም ይሄን በፈተና ነው የተማሩት። ኤፒፔን የሚባለው በራሱ የሚወጋ የአድሬናሊን መርፌ በ1987 (በፈረንጆቹ) አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፣ መነሻው ለወታደር ነው፣ የነርቭ ጋዝ የሚባለው የጦር መርዝ ሲመጣ ሳያስብ ጭኑ ላይ የሚመታው መርፌ። ስፕሪንጉ መርፌውን ያስገባል፣ ለአዋቂ 0.3፣ ለልጅ 0.15 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ግን ቀለል ተደርጎ የተሰራው ራሱ ሰው ግራ ያጋባ ነበር፣ በየትኛው ጫፍ እንደሚወጣ ሳያውቁ አውራ ጣታቸውን የወጉ ብዙ ናቸው። በኋላ የመርፌውን ጫፍ ብርቱካናማ፣ መክፈቻውን ሰማያዊ አደረጉት፣ ከተወጋም በኋላ ብርቱካናማው ወጥቶ መርፌውን ይሸፍነዋል። እየተናገረ የሚመራ መሣሪያም አወጡ፣ በፈረንጆቹ 2024 ደግሞ በአፍንጫ የሚረጭ ተፈቀደ። ዋጋው ግን ሌላ ነው፣ በፈረንጆቹ 2016 ሁለት ኤፒፔን የያዘው ጥቅል አሜሪካ ውስጥ ከ600 ዶላር በላይ ነበር፣ እንደዚያ ያለ ገበሬ ይሄን ከየት ያመጣል?

የእህቴ ልጅ "ብሉቱዝ እናስገባበት" ብሎኛል። የዛሬ ልጆች ስልክ የሌለው ነገር ሥራ አይመስላችሁም፣ ይሄ ያናድደኛል። ግን በአማርኛ የሚያወራ ከሆነ፣ "ሰማያዊውን ንቀይ፣ ጭኑ ላይ ተጫኚ" የሚል ድምፅ ያን ማታ ቢኖር ኖሮ እላለሁ፣ ስለዚህ ድምፁን አልቃወምም። ሚስቱን ባለማምዳት ይበቃ ነበርም እላለሁ፣ ደግሞ መልሼ በኩራዝ፣ በጨለማ፣ ባሏ ፊቷ እየሞተ፣ ባሳያት እንኳ ያን አምፑል ትሰብረው ነበር ወይ? አላውቅም። ሰላሳ ዓመት ያለፈው ይሄን ስመላልስ ነው።

መክፈቻው ማር በነካው እጅ ይከፈት። ጋቢ የደረበ ሰው ጋቢውን ግለጡ፣ መርፌው 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ በሱሪ ያልፋል፣ በተደራረበ ጋቢ ግን አይደርስም። መድኃኒቱ የሚታይበት መስኮት ይኑረው፣ ጥርት ያለ ነው መሆን ያለበት፣ ቡናማ ከሆነ ተበላሽቷል፣ ሙቀት አይወድም፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ባይቀመጥ ነው የሚባለው፣ ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ ስትወርዱ ቦርሳችሁ ውስጥ ስንት እንደሚሆን አስቡ። ስለ ስፕሪንጉ ኃይል እኔን አትጠይቁኝ፣ ያ የናንተ ትምህርት ነው።

ሴትዮዋ አለች፣ አርጅታለች፣ ቀፎዎቹን አሁን የሚይዘው የልጅ ልጇ ነው። መርፌ የሌለውን ሞዴል እንደጨረሳችሁ ደውሉልኝና በጥቅምት አብረን እንሄዳለን። ሲመሽ መብራቱን አጥፍታችሁ መጀመሪያ ለሷ ስጧት፣ ምንም ሳትነግሯት፣ እና እጇን ብቻ እዩ።