ከመርፌው በፊት ተነጋገሩ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው የማደንዘዣ ሙያ ለምትጀምሩ ነው። የመድኃኒቱን መጠንና አሰጣጥ መምህሮቻችሁ አስተምረዋችኋል። እኔ የማወራችሁ ከመርፌው በፊት ስላለችው አጭር ጊዜ ነው።

"ምግብ በልተዋል?" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ብዙ ሰው ቡና ጠጥቶ "አልበላሁም" ይላል፤ ቡናን ከምግብ አይቆጥረውማ። ሌላው ኦፕራሲዮኑ እንዳይሰረዝበት ይደብቃል። ሕፃኑን ደግሞ አያቱ አዝና ወተት አጠጥታው ይሆናል። ስለዚህ "አባቴ፣ መጨረሻ ላይ አፍዎ የገባው ምንድን ነው? ስንት ሰዓት ላይ?" በሉ። ወተት የሌለው ቡና ከተጠጣ እንደ ውሃ 2 ሰዓት መጠበቅ ይበቃል። ወተት ካለበት እንደ ቀላል ምግብ 6 ሰዓት ነው። ምክንያቱንም ንገሯቸው። ሰው በሰመመን ሲተኛ ማሳል አይችልም፤ ከሆድ የወጣው ሳንባ ሊገባ ይችላል። ይህን የተረዳ በሽተኛ አይደብቃችሁም።

"እነቃለሁ ወይ?" የማይል በሽተኛ ጥቂት ነው። "አይዞህ" ብቻ አይበቃም። "እስክትነቃ ከአጠገብህ አልሄድም፣ ትንፋሽህን እጠብቃለሁ" በሉት። ከዚያ አትሂዱ። የኦክስጅን መለኪያውንም ድምፅ አትዝጉት። ኦክስጅኑ ሲወርድ ድምፁም ይወፍራል፤ ዓይናችሁ ሌላ ቦታ ቢሆን ጆሯችሁ ይሰማዋል።

ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ በአገራችን ብዙ እንጠቀምበታለን። በተገቢው መጠን ቀስ ተብሎ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሽ አያቆምም፣ የደም ግፊትም አይጥልም። ግን አንዳንዱ ሲነቃ ይቃዣል። አስቀድሞ ካልሰማ ያበደ ይመስለዋል፤ ቤተሰቡም መንፈስ ያዘው ብሎ ይደነግጣል። "ስትነቂ እንግዳ ነገር ልታዪ ትችያለሽ፣ መድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል" ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉም የማሳስባችሁ በኦፕራሲዮን የምትወልደውን እናት ነው። በጀርባዋ ማደንዘዣ ስትወስድ አትተኛም፤ የምታወሩትን ሁሉ ትሰማለች። ሕመሙ ይጠፋል እንጂ ሆዷ ሲነካና ሲጎተት ይታወቃታል። ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችኋት ትሸበራለች። ቢላው ከመነሳቱ በፊትም መድኃኒቱ እስከ የት እንደያዘ በቀዝቃዛ ነገር ፈትሹ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም "ያመኛል" ካለች እመኗት። "ፈርታ ነው" አትበሉ። ሐኪሙን "ቆይ" በሉት፣ ሕመሟን አስታግሱላት፣ ካልሆነ አስተኟት። ሐኪሙ አለቃችሁ ቢሆንም፣ ቢቆጣም፣ "ቆይ" በሉት።