አዲስ ባሌስትራ የተገጠመለት ኤም ጂ ቢ የኋላው ለምን ከፍ አለ?

ጥያቄ፦ የ1972 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል፣ ጣሪያው የሚከፈት ኤም ጂ ቢ የተባለ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አለኝ። የኋላ ባሌስትራዎቹ (ተደራራቢ የብረት ሞላዎቹ) ረግበው ስለነበር ሁለቱንም በአዲስ አስቀየርኩ፤ አሁን ግን የመኪናው ጀርባ ከፊቱ ይልቅ ሽቅብ ተነሥቶ ቆሟል። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ ዝቅ ማድረጊያ ብረት እንድገዛ ተመክሬያለሁ። ልግዛ?

መልስ፦ ገና አይግዙ። በመጀመሪያ ከፍታውን ይለኩ፤ የጎማ ንፋስና መጠን ውጤቱን እንዳያዛባ ከመሬት ሳይሆን ከቸርኬው መሐል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቢለኩ ይመረጣል። የፊቱንም አብረው ይለኩ፤ የፊት ሞላዎቹ ያረጁና የወረዱ ከሆኑ ጥፋቱ የኋላው ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ የባሌስትራዎቹ ቡሎኖች እንዴት እንደተጠበቁ ሜካኒኩን ይጠይቁ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ፣ የባሌስትራው ጎሚኒዎች (በጫፎቹ ያሉት ላስቲኮች) በዚያው ሁኔታ ተቆልፈው ስለሚቀሩ፣ መኪናው ወደ መሬት ሲወርድ ይጠመዘዛሉ፤ ጀርባውን ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ቶሎም ይቀደዳሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቡሎኖቹን ማላላት፣ መኪናውን በጎማው አቁሞ ደጋግሞ ወደ ታች መጫን፣ ከዚያም ክብደቱ ባረፈበት ሁኔታ ማጥበቅ። ከዚህ በኋላ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ይንዱት፤ አዲስ ባሌስትራ ጥቂት መርገቡ አይቀርምና።

ይህ ካልበቃ የተገዛው ባሌስትራ የየትኛው ኤም ጂ ቢ እንደሆነ ይመርመሩ፤ እኔ በብርቱ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። ባለ ጠንካራ ጣሪያው ጂ ቲ ከእርስዎ መኪና ስለሚከብድ የራሱ ባሌስትራ አለው። ከ1974 (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ጀምሮ በጥቁር ላስቲክ ፓራውልት የተሠሩት ደግሞ፣ የአሜሪካን የፓራውልት ከፍታ ደንብ ለማሟላት ሆን ተብለው ከፍ ስለተደረጉ፣ ባሌስትራቸው ከእርስዎ ይበልጥ የጎበጠ ነው። ከእነዚህ አንዱ ተገጥሞ ከሆነ ብረት ከመጨመር ይልቅ ለሻጩ መልሶ ትክክለኛውን መውሰድ ይሻላል።

ትክክለኛው ባሌስትራ ተገጥሞም ከፍታው ካልወረደ ብቻ ብረቱን ይጠቀሙ። 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ነገር ግን አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ባለ ዩ ቅርጽ ቡሎኖች በዚያው ልክ መርዘም አለባቸው። ሁለት ሰውና ሻንጣ ተጭኖም አክስሉ ከላይ ያለውን የላስቲክ መከላከያ እንዳይመታ ክፍተቱን ያረጋግጡ።